ሰማንያ ሳይፈራረሙ አብሮ መኖር፦ ንብረትንና ልጆችን የሚጠብቅ ውል እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ እህቴ የጫማ ካርቶን ታቅፋ ቤቴ መጣች። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠችው። የብሎኬትና የሲሚንቶ ደረሰኞች፣ ጥጉ የተበላ የዕቁብ ደብተር፣ የቆርቆሮ መግዣ ወረቀት፣ በእርሳስ የአናጺ ሒሳብ የተጻፈበት ቁራጭ ካርቶን ወደቁ። ሰባት ዓመት አብራው የኖረችው ሰው ተጋግዘው የሠሩትን ቤት ሊሸጥ ገዥ አግኝቶ ነበር። ካርታው በእሱ ስም ነው። ሰማንያ አልተፈራረሙም። ስለዚህ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አውጥቶ ወደ ውልና ማስረጃ የሚሄድበትን ቀን ቆርጧል። ማስረጃውም ሐሰት አልነበረም፤ በመዝገብ ረገድ በእርግጥም አላገባም።

ሽያጩ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ክርክሩ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። እህቴን ያዳናት የካርቶኑ ወረቀት ብቻ አይደለም። በዕድሩ መዝገብ ላይ ከስሙ ጎን ስሟ ተጽፎ ነበር፤ ጎረቤቶቿም ሥራ ፈትተው መጥተው መሰከሩላት። ከዚያ ወዲህ ጠቅልለው አብረው ሊኖሩ ለወሰኑ ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሜ እናገራለሁ፦ ሕጉ ድርሻችሁን ያውቅላችኋል፤ ነገር ግን ድርሻችሁን የሚናገር ወረቀት ንብረቱ ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ ከገዥው ቀድሞ መድረስ አለበት። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያን ወረቀት የማዘጋጃ መንገድ ነው።

የምጽፈው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበትን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ይዤ ነው። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል የምትኖሩ የክልላችሁን ሕግ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ረቂቁን ራሳችሁ ብታዘጋጁትም ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ እንዲያየው አድርጉ። የጠበቃ አንድ ሰዓት ክፍያ ከሁለት ዓመት ክርክር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አንደኛ እርምጃ፦ ሕጉ የት እንደሚያስቀምጣችሁ እወቁ

ብዙ ሰው «ካልተጋቡ ሕግ አያውቃቸውም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የቤተሰብ ሕጉ ከአንቀጽ 98 ጀምሮ ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ ስለመኖር ራሱን የቻለ ክፍል አለው። መለኪያው አኗኗር ነው፤ ወንዱና ሴቷ የሚኖሩት ኑሮ ተጋብተው ከሚኖሩ ሰዎች ኑሮ ጋር የሚመሳሰል ከሆነ ይበቃል። ለሰው ሁሉ «ተጋብተናል» ብለው መናገር አይጠበቅባቸውም። በሌላ በኩል የፍቅር ግንኙነት ብቻውን፣ የቱንም ያህል የቆየና በሰው የታወቀ ቢሆን፣ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር አያሰኝም። ቅዳሜና እሑድ መገናኘትና አንድ ጓዳ መጋራት በሕግ ፊት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ትልቁ ቁጥር ሦስት ነው። በአንቀጽ 102 መሠረት ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ የቆየ ከሆነ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ይሆናል። ይህ ድንጋጌ በ1992 ዓ.ም የመጣ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለ ግንኙነት በመካከላቸው የጋራ ሀብት እንዲፈጥር አያደርግም ነበር። ስንት ሴት ዕድሜዋን አፍስሳ ያቋቋመችውን ቤት ባዶ እጇን ለቅቃ እንደወጣች የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ የሦስት ዓመት መስመር ሁለት ክፍተት ይተዋል። የመጀመሪያው፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የተለያዩ ሰዎች ይህ ጥበቃ የላቸውም፤ ያዋጡትን የሚያስመልሱት በጽሑፍ የያዙት ነገር ካለ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስት ዓመት መሙላቱን የሚያስረዳው ድርሻ ጠያቂው ነው። «አብረን መኖር የጀመርነው በዚያ ዓመት አይደለም፣ በኋላ ነው» የሚለው ክርክር በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሁሌም የሚነሳ ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት አጣሩ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ያልፈረሰ ጋብቻ ካለባችሁ ውል ከመጻፋችሁ በፊት ያ ጋብቻ በፍርድ ቤት ይፍረስ። «ከተለያየን ቆይተናል» ማለት ፍቺ አይደለም። የቀድሞው ትዳር መዝገብ ሳይዘጋ የተገዛ ንብረት ላይ ሦስት ሰው ይከራከርበታል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉ

የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ይህ ይሁን። ከሌላው ሁሉ ብትሰንፉ እንኳ ይህችን አትለፉ። እንዲህ ብላችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ፦

«እኛ ስማችን ከዚህ በላይ የተገለጸው ወገኖች ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ጋብቻ ሳንፈጽም እንደ ባልና ሚስት በአንድ ቤት አብረን የምንኖር መሆናችንን በፈቃዳችን አረጋግጠናል።»

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ የውጭ ዜጋ ከሆናችሁ የፈረንጁን ቀን ከጎኑ ጨምሩበት። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ይግባ። በመታወቂያው ላይ ያለው የስም አጻጻፍና በውሉ ላይ ያለው አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። «ጸሐይ»ና «ፀሐይ» ለእናንተ አንድ ስም ናቸው፤ በመስኮቱ ማዶ ለተቀመጠው ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ሊሆኑበት ይችላሉ።

ከውሉ ውጪም ቀኑን የሚመሰክሩ ነገሮችን ከዛሬ ጀምሮ አኑሩ። ዕድር ስትገቡ ሁለታችሁም ተመዝገቡ። የኪራይ ውል ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ። ይህን የምላችሁ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ግንኙነት መኖሩን ሲመረምር ቤተሰብና አካባቢው ሁለቱን እንዴት ያያቸው እንደነበር ስለሚመለከት ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ይዛችሁ የገባችሁትን ዘርዝሩ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ። ሁለት ወረቀት አውጡ፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ። በየወረቀቱ ላይ አብራችሁ መኖር ከመጀመራችሁ በፊት የነበራችሁን ንብረት ጻፉ። መኪና ከሆነ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ የባንክ ተቀማጭ ከሆነ በዚያ ቀን የነበረው ገንዘብ፣ አክሲዮን ከሆነ ብዛቱና የምስክር ወረቀቱ ቁጥር፣ ወርቅ ከሆነ ግራሙና ካራቱ ይግባ። ፍሪጅ፣ አልጋ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም ይጻፉ። ሰው ሲለያይ በመኪና ከሚጣላው በምጣድና በቴሌቪዥን የሚጣላው ይበዛል።

ከወላጅ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ነገር ካለ «በውርስ ያገኘችው» ተብሎ ምንጩ ለብቻው ይገለጽ። ወደፊት በውርስ ወይም በስጦታ የሚመጣውም የተቀባዩ የግል ሀብት እንደሚሆን አንድ አረፍተ ነገር ጨምሩ።

ጥንቃቄ የሚሻው የግል ንብረት በአብሮ መኖሩ ጊዜ ተሽጦ ወደ ሌላ ሲለወጥ ነው። እሷ የግል መኪናዋን ሸጣ በገንዘቡ የሱቅ ዕቃ ብትገዛ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ዕቃው የግሏ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ባደረጋችሁ ቁጥር «ይህ ዕቃ የተገዛው ከግል መኪናዋ ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ ነው» የሚል አንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ከምስክሮች ጋር ፈርሙበትና ከዋናው ውል ጋር አያይዙት።

አራተኛ እርምጃ፦ ቤቱ

በእኛ አገር የጥንዶች ጠብ አብዛኛው ዞሮ ዞሮ ቤት ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እሄዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የሕግ ነጥብ ያዙ። ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚመለከት ውል በጽሑፍ መደረግና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። ቤት ውስጥ ተጽፎ በጓደኞች ፊት የተፈረመ ወረቀት ለፍሪጅና ለሶፋ ሊበቃ ይችላል፤ ለቤት ድርሻ ግን በእሱ ላይ አትተማመኑ። የቤት ነገር ከተነሳ መንገዱ ወደ ውልና ማስረጃ ነው።

ቤቱን አሁን የምትገዙት ከሆነ ቀላሉ መፍትሔ በሽያጭ ውሉ ላይ ሁለታችሁም ገዥ ሆናችሁ መፈረምና ካርታው በሁለታችሁ ስም እንዲወጣ ማድረግ ነው። ያዋጣችሁት ገንዘብ እኩል ካልሆነ ድርሻችሁን በመቶኛ አስጽፉ፤ ዝም ካላችሁ የጋራ ባለሀብቶች ድርሻ እኩል ነው ተብሎ ይገመታል። ስማችሁ ካርታው ላይ ካለ ያላገባ ማስረጃ ይዞ ብቻውን የሚሸጥ ሰው የለም፤ ያለ እናንተ ፊርማ ሽያጩ አይሄድም።

ቤቱ በአንዳችሁ ስም የተመዘገበ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። የ20/80 ወይም የ40/60 ቁጠባ የሚደረገው በተመዝጋቢው ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው፤ ገንዘቡ ግን ከሁለት ኪስ ይወጣል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ያልተመዘገበው ሰው የሚያዋጣውን ገንዘብ በጥሬው ለሌላው አይስጥ። ከራሱ የባንክ ሒሳብ ያስተላልፍ፤ ምክንያቱ በሚጻፍበት ቦታም «ለቤት ቁጠባ» ብሎ ይሙላ። ሁለተኛ፣ በውሉ ላይ እያንዳንዳችሁ በወር ስንት እንደምታዋጡ፣ ቤቱ ሲደርስ ድርሻው እንዴት እንደሚሰላ፣ ሳይደርስ ብትለያዩ ደግሞ ያዋጣው ገንዘብ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚመለስ ጻፉ። ለምሳሌ፦

«በአንደኛው ወገን ስም ለተመዘገበው ቤት ሁለተኛው ወገን በየወሩ በባንክ የሚያስተላልፈው ገንዘብ የሁለተኛው ወገን መዋጮ ነው። ቤቱ ሳይተላለፍ ወገኖቹ ቢለያዩ አንደኛው ወገን ይህን ገንዘብ በሙሉ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ይመልሳል።»

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው፦ በአንዱ ወላጆች ግቢ ውስጥ የሚሠራ ቤት። ወጣቶቹ ኪራይ ሲከብዳቸው የልጁ እናት «እዚሁ ጓሮ ሁለት ክፍል ሥሩና ኑሩ» ይላሉ። ከልባቸው ነው፤ ደግነት ነው። ይዞታው ግን የእናትየው ነው። ነገ እሳቸው ሲያልፉ ወንድምና እህት ሁሉ ወራሽ ሆኖ ይመጣል፤ ግድግዳው በማን ገንዘብ እንደቆመ የሚያስታውስ አይገኝም። ስለዚህ ሁለታችሁ ብቻ ፈርማችሁ አትተዉት። ይዞታው የእሳቸው የሆነው ወላጅ በውሉ ላይ ሦስተኛ ወገን ሆነው፣ ቤቱ በእነማን ገንዘብ እንደተሠራና መልቀቅ ቢመጣ ወጪው እንዴት እንደሚመለስ አምነው ይፈርሙ። ነገሩን ለማንሳት ይከብዳል፤ ይገባኛል። «እማማ፣ ነገ ልጆችዎ እንዳይጣሉብን ብለን ነው» ብላችሁ ብትጀምሩት ብዙ እናቶች ይረዱታል። የቤተሰብ ጠብ ያላየ የዕድሜ ባለጸጋ የለምና።

ኪራይ ከሆነ ደግሞ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ይጠቅማችኋል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያስገድዳል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ተከራይ በሚለው ቦታ ሁለታችሁም ስማችሁን አስገቡ። በመካከላችሁ ባለው ውል ደግሞ ብትለያዩ ማን እንደሚቀር፣ የሚወጣው የከፈለው ቅድመ ክፍያ እንዴት እንደሚታሰብለት ወስኑ። ልጆች ካሉ ከልጆቹ ጋር የሚኖረው ይቅር የሚለው ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል።

አምስተኛ እርምጃ፦ የወር ወጪ፣ ዕቁብና ዕዳ

በወር ወጪ ላይ እኩል መክፈል ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም። ደመወዛቸው የተራራቀ ጥንዶች በገቢያቸው መጠን ቢያዋጡ ይሻላል። እሷ 12,000 ብር፣ እሱ 24,000 ብር ቢያገኙና የቤት ወጪው 15,000 ብር ቢሆን እሷ 5,000፣ እሱ 10,000 ያወጣሉ። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራም በውሉ ላይ ዋጋ ይኑረው። ልጅ የሚያሳድገው፣ ቤቱን የሚይዘው ሰው ደመወዝ ስለሌለው ድርሻ የለውም ማለት ግፍ ነው። «የቤት ውስጥ ሥራና ልጅ ማሳደግ እንደ መዋጮ ይቆጠራል» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።

ዕቁብ የሚጣለው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ዕጣው ሲወጣም ገንዘቡን የሚቀበለው ያው ሰው ነው። ዕቁቡን ሁለታችሁም የምትጥሉለት ከሆነ በውሉ ላይ የዕቁቡን ዓይነት፣ የየሳምንቱን ወይም የየወሩን መጠንና ዕጣው ለምን እንደሚውል ግለጹ። የጋራ የባንክ ሒሳብ ከከፈታችሁ ባንኩ አንዱ ብቻ ፈርሞ ማውጣት ይችል እንደሆነ፣ ወይስ የሁለቱም ፊርማ እንደሚያስፈልግ ይጠይቃችኋል። ለቤት ወጪ የሚሆነውን በአንድ ፊርማ፣ ለቁጠባ የሚሆነውን በሁለት ፊርማ አድርጉት።

ዕዳን በተመለከተ ለቤተሰቡ ኑሮ የተበደራችሁት የሁለታችሁ ዕዳ ሆኖ ሊታይ ይችላል። አንዳችሁ ለግል ንግዱ የሚበደረው ግን የራሱ ብቻ እንደሚሆን፣ ሌላው ሳይፈቅድ የጋራ ንብረት በመያዣነት እንደማይሰጥ ይጻፍ። ለጓደኛ ዋስ መሆንም እዚሁ ይግባ፤ በዋስትና የፈረሰ ቤት ጥቂት አይደለም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ልጆች

ስለ ልጆች መብት መዋዋል አያስፈልጋችሁም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ደንግጓል። እንደ ባልና ሚስት አብረው በሚኖሩበት ጊዜ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅም አባቱ በዚያ ግንኙነት ውስጥ ያለው ሰው እንደሆነ የቤተሰብ ሕጉ ይናገራል። የእናንተ ሥራ ማስመዝገብ ነው። ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ሁለታችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ ወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ አባት በአካል ቀርቦ ይፈርም። በውሉ ላይ የትምህርት ቤትና የሕክምና ወጪ እንዴት እንደምትካፈሉ መጻፍ ትችላላችሁ። ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለውን ብትጽፉትም ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤቱ የሚያየው የልጁን ጥቅም እንጂ የእናንተን ፊርማ አይደለም።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ብትለያዩስ?

ይህን ክፍል ሲጽፉ ብዙ ጥንዶች ድምፃቸው ይቀንሳል። «ገና ሳንጀምር ስለ መለያየት?» ይላሉ። ዕድርም የሚቋቋመው ሞትን ስለምንመኝ አይደለም።

እንዲህ ያለ ግንኙነት ለማብቃት እንደ ጋብቻ የፍቺ ውሳኔ አያስፈልገውም፤ ማንኛችሁም በፈለጋችሁ ጊዜ ልታቋርጡት ትችላላችሁ። ስለዚህ ውሉ ላይ መታሰር ያለበት አካሄዱ ነው። መለያየት የፈለገው ወገን በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ከዚያ ለምሳሌ ለ60 ቀን ማንም ማንንም ከቤት አያስወጣ፣ የቤቱን ቁልፍ አይቀይር፣ ከጋራ ሒሳብ ከወር ወጪ በላይ ገንዘብ አያውጣ፣ የጋራ ንብረት አይሽጥ። በእነዚያ ቀናት ከእሷ ወገን አንድ፣ ከእሱ ወገን አንድ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ፣ በድምሩ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ንብረቱን በዝርዝሩ መሠረት ያካፍሉ። የሽማግሌዎቹን ስም ዛሬ፣ ፍቅር ሳለ፣ በውሉ ላይ ጻፉ። በጠብ ሰዓት የሚመረጥ ሽማግሌ የአንዱ ጠበቃ ይሆናል። እነሱ ካልተሳካላቸው ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

«ትቶ የሄደ ይህን ያህል ብር ይቀጣል» የሚል አንቀጽ ግን አታስገቡ። ሕጉ ነጻ ያደረገውን መለያየት በገንዘብ ማሰር ነውና ዳኛ ፊት ይጸናል ብዬ አላምንም። ስለ መተማመንና ስለ ግል ግንኙነታችሁ የሚጻፍ ነገርም በዚህ ውል ውስጥ ቦታ የለውም። ውሉ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንብረትና ስለ አካሄድ ብቻ ይናገር።

ሽያጭ እንደተጀመረ ከሰማችሁ ደግሞ በልመና ቀን አታጥፉ። የእህቴ ጉዳይ የተረፈው በሰማች በሦስተኛው ቀን በጠበቃ አማካይነት ቃለ መሐላ አያይዛ እግድ በመጠየቋ ነው። የእግዱን ትእዛዝ ራሷ ይዛ ካርታውን ወደሚያስተዳድረው የመሬት ጽሕፈት ቤት ወሰደችው፤ መዝገብ ቤት መግባቱንም ማኅተም አስደርጋ አረጋገጠች።

ስምንተኛ እርምጃ፦ አጻጻፍና ፊርማ

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የሁለታችሁም ፊርማና ቢያንስ የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑረው። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱ፣ በንብረቱ ጥቅም የሌላቸው ይሁኑ። በየገጹ ግርጌ ፈርሙ፤ ባዶ መስመር አትተዉ፤ ሥርዝ ድልዝ ካለ ያን ገጽ እንደገና አትሙት።

ቀጥሎ ወደ ውልና ማስረጃ ሂዱ፤ መታወቂያችሁን፣ የታተመውን ውል በበቂ ቅጂና የምትጠቅሱትን ንብረት ማስረጃ ዋናና ፎቶ ኮፒ ያዙ። ሠራተኛው ማንነታችሁን፣ በፈቃዳችሁ መፈረማችሁን፣ ሰነዱም ከሕግ ጋር አለመቃረኑን አይቶ ነው የሚያረጋግጠው። እዚያ የምትፈርሙት በእሱ ፊት ስለሆነ የሚቀርበውን ቅጂ ቤት ሳትፈርሙ ይዛችሁ ሂዱ። ከተረጋገጡት ቅጂዎች አንዳንድ ውሰዱ፤ ሦስተኛውን የምታምኑት ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ። ፎቶ አንስታችሁ በኢሜይላችሁም አኑሩ። ከዚያ ቤት በድንገት የምትወጡ ከሆነ ወረቀቱ ከእናንተ ጋር ላይወጣ ይችላል።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ኑዛዜ

እዚህ ላይ ብዙዎች ይደነግጣሉ፦ አብሮ የኖረ ሰው ሃያ ዓመት ቢኖርም ወራሽ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕጋዊ ባልና ሚስት እንኳ ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ የጋራ ሀብታቸውን ግማሽ ይወስዳሉ እንጂ የሟች ድርሻ መጀመሪያ ወደ ልጆች፣ ልጅ ከሌለ ወደ ወላጆች፣ ከወላጆቹ የሞተ ካለም የእሱ ድርሻ ወደ ወንድም እህት ይሄዳል። ስለዚህ እሱ ቢሞት ከቀብር በኋላ ድንኳን ሳይነሳ የሚመጡት ወራሾች እህቶቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ውላችሁ ድርሻችሁን ያሳያቸዋል፤ ከእሱ ድርሻ የሚያወርሳችሁ ግን ኑዛዜ ብቻ ነው።

የጽሑፍ ኑዛዜ በሁለት መንገድ ይደረጋል። አንዱ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው የሚፈረመው ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ሌላው ተናዛዡ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ የሚጽፈው ነው። ይህኛው ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ዘንድ ካልተቀመጠም ዋጋ ያጣል። አንድ ወጥመድ ልብ በሉ፦ ሁለታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ በጋራ ብትናዘዙ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ወረቀት። ኑዛዜ ከጻፋችሁ በኋላ ልጅ ከተወለደም እንደገና ጻፉት፤ የልጁ መወለድ የቀድሞውን ስጦታ ሊያፈርሰው ይችላል።

ውክልና የኑዛዜ ምትክ አይሆንም፤ ወካዩ ሲሞት ያበቃል።

በውጭ አገር ላላችሁ

ቤይሩት ወይም ዱባይ ሆና ለምትወደው ሰው ገንዘብ የምትልክ እህት ሁሉ ይህን ብታነብልኝ እወዳለሁ። የሦስት ዓመቱ ድንጋጌ የሚናገረው አብረው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። እሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ ከሆኑ «አብረን ኖረናል» የሚለው ክርክር ከመነሻው ይላላል። ስለዚህ ቤት ወይም መኪና የሚገዛበት ገንዘብ ከሆነ ላኪዋ በራሷ ስም እንዲገዛ ለምታምነው ሰው ልዩ ውክልና ትስጥ። ውክልናው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ዘንድ ተፈርሞ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። በውክልናው ላይ «በስሜ እንዲገዛ» የሚለው ቃል እንዳይቀር። የመሸጥ ሥልጣን ግን አትስጪ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ድልድይ ስትሻገሩ ሕጉ እንደሚለወጥ እወቁ። ዋሽንግተን ዲሲ ሳይፈራረሙ እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ሰዎችን ሁኔታው ከተሟላ እንደ ተጋቡ ሊቆጥር ይችላል፤ አጠገቧ ያሉት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን በክልላቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ጋብቻ አይመሠረትም ይላሉ። እስራኤል «የዱዒም ባጺቡር» የምትላቸው ጥንዶች ሌላ ትዳር ከሌለባቸው እርስ በእርስ ሊወራረሱ ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ላለው ቤታቸው ግን ያን ሕግ ተማምነው ኑዛዜ ሳይጽፉ መቅረት የለባቸውም።

የመጨረሻው እርምጃ፦ ልትጋቡ ከወሰናችሁ

በየዓመቱ አብራችሁ መኖር በጀመራችሁበት ቀን ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት፤ አዲስ ንብረት፣ አዲስ ዕዳ፣ አዲስ ልጅ ካለ በተጨማሪ ገጽ አያይዙ። ከዓመታት በኋላ ሰማንያ ለመፈራረም ብትወስኑ ደግሞ ከሠርጉ ቀን በፊት ውሉን ይዛችሁ ጠበቃችሁ ዘንድ ተመለሱ። የጋብቻ ውል የሚደረገው ከጋብቻው በፊት ወይም በዚያው ቀን ነው፤ በጽሑፍ ሆኖ ከእሷ ወገን ሁለት፣ ከእሱ ወገን ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ባልና ሚስት በመካከላቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ስለዚህ የዲኮርና የቪዲዮ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ሳምንት ለዚህ መድቡ፤ አራቱን ምስክሮች ከሚዜዎቹ ጋር በአንድ ጊዜ ምረጧቸው።